የድመት ፀጉር ከሶፋ ላይ፦ የላስቲክ ጓንት ወይስ ፕላስተር?

አራት ኪሎም ሆነ ካዛንቺስ፣ አይጥ ትያዝልን ተብላ የገባች ድመት ውላ አድራ ሶፋውን ትወርሰዋለች።

ለሶፋና ለምንጣፍ ያለ ማመንታት የዕቃ ማጠቢያውን የላስቲክ ጓንት እመርጣለሁ። ትንሽ አርጥቦ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መጥረግ ነው፤ ላስቲኩ ጨርቁን ሲፈትገው ከክሩ መሀል የተሰገሰገውንም ፀጉር እየጎተተ ያድበለብለዋል። ወዲያና ወዲህ ካሹት ግን የሰበሰቡትን መልሰው ይበትኑታል። ጓንቱ በጣም ከራሰም ፀጉሩ ጨርቁ ላይ ይለጠፋል። መብራት ቢጠፋ ሥራ አይፈታም፤ ታጥቦም ደግሞ ያገለግላል።

የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር ከላይ ከላይ ያለውን ብቻ ነው የሚያነሳው። ፀጉር ከሞላበት አይዝም፤ ሙሉ ሶፋ ላይ ብር ማባከን ነው። ከቤት ሊወጡ ሲሉ ጥቁር ኮት ላይ ግን የሚስተካከለው የለም፦ የሚያጣብቀውን ወደ ውጭ አድርጎ መዳፍ ላይ መጠቅለል፣ ጠብ ጠብ ማድረግ።

ጋቢና ነጠላን ፕላስተር ባይነካቸው ይሻላል፤ የእጅ ፈትሉን ጥጥ አብሮ ይነቅላል። እነሱን ከማጠብ በፊት በረንዳ ላይ ማራገፍ፣ የቀረውን በጓንት መልቀም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ደግሞ የታችኛው ጎረቤት ልብስ አለማስጣቱን አይቶ ነው።