ካተርሃም ሰቨን 170፦ የቅለት ደስታና የሚያስከፍለው

እንግሊዛዊው አነስተኛ የስፖርት መኪና አምራች ካተርሃም፣ የሎተስ ኩባንያ መሥራች ኮሊን ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣውን የሎተስ ሰቨን መኪና የማምረት መብት በ1973 ከገዛ ወዲህ መሠረታዊ ንድፉን አልለወጠም። ሰቨን 170 የተባለችው ይህቺ ሞዴል 440 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ስለምትመዝን፣ የ660 ሲሲ የሱዙኪ ቱርቦ ሞተሯ የሚሰጠው 84 የፈረስ ጉልበት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ መኪናዋን እንደ ፌንጣ ያስፈነጥራታል። አጋዥ ኃይል የሌለው መሪዋ የአስፋልቱን ሻካራነት ሳይቀር ለእጅ ያደርሳል፤ የፊት ጎማዎቹ ሲታጠፉም ነጂው ከመቀመጫው ሆኖ በዓይኑ ይከታተላቸዋል፤ በእኔ ግምት ትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይህን ስሜት ከተዉት ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ኤርባግም (በግጭት ጊዜ የሚነፋ መከላከያ ከረጢት) ሆነ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ሥርዓት) የላትም፤ ጣሪያዋ ተነቃይ ሸራ በመሆኑ ዝናብን በቅጡ አይመክትም፤ የእግር ቦታዋም እጅግ ስለሚጠብ ሰፊ ጫማ ያደረገ ሰው ፍሬን ሲይዝ ነዳጅ መስጫውን አብሮ ሊረግጥ ይችላል። ለዕለት መመላለሻ አልመክራትም፤ ሌላ መኪና ላለውና ጠመዝማዛ መንገድ ለሚወድ ሰው ግን ያለማመንታት እመክራታለሁ።