ራዲያተር ውስጥ ውሃ ወይስ ኩላንት?

ቅዳሜ ጠዋት የኮሮላዬን ራዲያተር ሳጥብ፣ ከታች የወጣው ውሃ ልክ እንደ ሻይ ቀልቷል። ዝገት ነው። መኪናዋ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላባት ኖራለች።

የቧንቧ ውሃ የትም ይገኛል። መንገድ ላይ ሲቸግር ያደርሳል። ሙቀት በመሸከም እንዲያውም ከኩላንት፣ ማለትም ለራዲያተር ተብሎ ከሚሸጠው ፈሳሽ ይሻላል። ችግሩ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ድስት ውስጥ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የሞተር ሙቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ 90 አካባቢ ነው። ውሃውን ከመፍላት የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚፈጥረው ግፊት ብቻ ነው። የክዳኑ ጎማ አርጅቶ የዓባይ በረሃን ዳገት ከወጣችሁ፣ ያኔ ጉድ ፈላ።

ኩላንት ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሲቀላቀል ቶሎ አይፈላም። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ዝገት መከላከሉ ነው፤ የውሃ ፓምፑንና ቴስታታውን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ከመበላት ያድናል። ውድ ነው፣ አልክድም። ቴስታታ ማሠራት ግን ከዚያ በብዙ ይብሳል። እኔ ኩላንቱን መርጫለሁ።

ቤት ውስጥ የምትቀይሩ ከሆነ ሞተሩ ሳይበርድ ክዳኑን እንዳትነኩ፤ የሚተፋው እንፋሎት ፊት ይልጣል። የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡ። ከሞላችሁ በኋላ ሂተሩን ከፍታችሁ ሞተሩን አስነሱ፤ የታመቀው አየር ይውጣ። አሮጌውን ኩላንት ደጅ አትድፉት። ጣፋጭ መርዝ ነው፤ ውሻም ልጅም ሊቀምሰው ይችላል።