ስክራብል ለእንግሊዝኛ ክፍል፦ 100 ጠጠር፣ 4 ኤስ፣ አንድ ኪው

ክብር የሚለውን ቃል ፊደላት ቦታ ብታቀያይሯቸው ብርክ ይሆናል። ልብ ሲገለበጥ ብል ነው፣ ቅል ሲገለበጥ ልቅ። እንግሊዝኛ ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ቃላት የተሞላ ነው። ፎርም (ቅጽ) እና ፍሮም (ከ)፣ ትራያል (የፍርድ ሂደት) እና ትሬይል (የእግር መንገድ)፣ ቢጊን (መጀመር) እና ቢንግ (መሆን) ፊደላቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በቅደም ተከተል ብቻ ነው። በደሴም በኮምቦልቻም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ምንባብ ሲያነብ የሚሳሳተው ብዙ ጊዜ በማያውቀው ቃል ላይ አይደለም፤ የሚያውቀውን ቃል በወንድሙ ቦታ ሲያነበው ነው።

ስክራብል፣ ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ፣ ለዚህ ችግር ምን ያህል ይረዳል? ጠጠሮቹ እጅግ ይረዳሉ። ሰሌዳው ግን ለጀማሪ አያስፈልግም።

ሳጥኑ ውስጥ 15 በ15 ካሬ ያለው ሰሌዳ፣ 4 መደርደሪያ፣ ከረጢትና 100 ጠጠር አለ። ከጠጠሮቹ 2ቱ ባዶ ናቸው፤ በማንኛውም ፊደል ቦታ ይገባሉ። ኢ 12 ነው፣ ኤ እና አይ 9 9፣ ኦ 8፣ ኤን፣ አር እና ቲ 6 6፣ ኤል፣ ኤስ፣ ዩ እና ዲ 4 4፣ ጂ 3። ጄ፣ ኬ፣ ኪው፣ ኤክስ እና ዜድ አንድ አንድ ብቻ ናቸው፣ የቀሩት ሁለት ሁለት። ጨዋታውን በ1930ዎቹ የፈጠረው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ በትስ ቁጥሩን ያወጣው ጋዜጣ ላይ የእያንዳንዱን ፊደል ድግግሞሽ ቆጥሮ ነው። ኤስን ግን ሆን ብሎ አሳነሰው፤ በየቃሉ መጨረሻ ኤስ እየቀጠሉ ማብዛት ጨዋታውን እንዳያቀልለው ብሎ። ይህ ለተጫዋች መልካም ነው፣ ለአስተማሪ ግን እጥረት ይፈጥራል።

ለጀማሪ ኤ፣ ኢ እና ቲ ይበቃሉ። ኢት (መብላት) ላይ የፊተኛዋን ኢ ወደ ኋላ ውሰዷት፣ ኤት (በላ) ይሆናል። በምትኩ ከኢት መጨረሻ ቲን ወደ ፊት አምጧት፣ ቲ (ሻይ) ይሆናል። የአሁኑና ያለፈው ጊዜ በአንድ ጠጠር መንሸራተት ሲለያዩ ልጅ በዓይኑ ያያል፤ በክፍል ጥቁር ሰሌዳ ላይ የተጻፈ ዝርዝር ይህን አያሳይም።

ከዚያ ወደ ሊስን (ማዳመጥ) እለፉ። ፊደላቱ ኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ እና ኤን ናቸው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ቃሉን በእንግሊዝኛ አትጥሩት። ፊደል ቆጥሮ ያደገ ልጅ የሰማውን ይጽፋል፣ ሊስን ውስጥ ደግሞ ቲ አትሰማም። ስድስቱን ጠጠር ሰጥታችሁ «ማዳመጥ» የሚለውን ፍቺ ብቻ በአማርኛ ንገሩ፣ «ሁሉም ጠጠር ይግባ» በሉ። ቲን የረሳ ልጅ እጁ ላይ አንድ ጠጠር ይተርፈዋል፣ ስህተቱንም ያለ አስተማሪ ያገኘዋል። ስክራብልን ከማንኛውም የቃላት መጽሐፍ የምናስበልጠው ለዚህ ነው። ቀጥሎ «ዝም ያለ» በሉ፤ ያው ስድስት ጠጠር ሳይለንት ይሆናል፣ እዚህ ቲ ትሰማለች። ኢንሊስት (መመዝገብ)፣ ቲንስል (የሚያብረቀርቅ ጌጥ) እና ኢንሌትስ (መግቢያዎች) ሲጨመሩ አምስት ቃል ነው። አምስቱን ጎን ለጎን ለመደርደር 5 ኤል እና 5 ኤስ ያስፈልጋል፣ ያለው 4 4 ነው፤ ሁለቱ ባዶ ጠጠሮች ጉድለቱን ልክ ይሞሉታል።

የትርፍ ጠጠር ዘዴ የማይሠራበት ቦታም አለ። ኤንጅል (መልአክ) ብሎ አንግል (ማዕዘን) የሠራ ልጅ ምንም አይተርፈውም። እንዲህ ላሉት ሁለቱን ቃላት አንዱን ከሌላው ሥር አስቀምጣችሁ የተለያየውን ቦታ በጣት አሳዩ፤ ኤንጅልና አንግል የሚለያዩት በመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ነው። ኳየት (ጸጥ ያለ) እና ኳይት (በጣም) እንዲሁ ናቸው፣ ግን ኪው አንድ ብቻ ስለሆነ ያለ ባዶ ጠጠር አብረው አይቀመጡም። ለሒሳብ ወዳዶች ትራያንግል (ሦስት ማዕዘን) ሲፈታ ኢንተግራል (የካልኩለስ ስሌት) እንደሚሆን አሳዩ፤ ስምንት ፊደል ነው፣ ለ11ኛ እና 12ኛ ክፍል ተገቢ ነው።

አንድ ዙር ከ5 ደቂቃ፣ አንድ ቡድን ከ3 ልጅ አይብለጥ። አራተኛው ሁልጊዜ ተመልካች ይሆናል። ቤት ውስጥ ከሆነ ሦስት ዙር ከአቦል እስከ በረካ በምቾት ያልቃል። ነጥብ አትቁጠሩ፤ ኪውና ዜድ 10 10 ስለሚያስገኙ ልጁ ፍቺውን ትቶ ነጥብ ያሳድዳል።

ግዢ ላይ፣ ገበያ ውስጥ ማን እንደሠራቸው የማይታወቁ ርካሽ ቅጂዎች አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ጠጠሩን አፍስሳችሁ ቁጠሩ፤ 100 ካልሞላ ተዉት። ቀጥሎ በጠጠሩ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ቁጥር እዩ። ያለ እሷ ኤም ተገልብጣ ደብልዩ ትመስላለች፣ ኤንም በጎን ስትተኛ ዜድ ትሆናለች። ቁጥሩ የፊደሉን አቅጣጫ ይናገራል፦ ኤም 3፣ ደብልዩ 4፣ ኤን 1፣ ዜድ 10። ቀለሙን በእርጥብ ጣት እሹት፤ ከለቀቀ ሁለት ወር አይቆይም። የካርቶን ጠጠር ለደሴ አይሆንም። ክረምት የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ እርጥበት ይጠጣና ጠርዙ ይላቀቃል። ፕላስቲክ ወይም እንጨት ይሻላል፣ እንጨቱ ጠረጴዛ ላይ ስለማይንሸራተት እኛ እሱን እንመርጣለን።

የጎደለ ፊደል በውሃ ጠርሙስ ክዳን ይተካል። ክዳኑን አድርቁ፣ በማይለቅ ማርከር ጻፉ፣ ከሥሩ መስመር አስምሩበት። ስቶፕ (ማቆም) ስድስት ቃል ይወጣዋል፦ ስቶፕ፣ ስፖት (ነጥብ)፣ ፖስት (ምሰሶ)፣ ፖትስ (ድስቶች)፣ ቶፕስ (አናቶች)፣ ኦፕትስ (ይመርጣል)። ስድስቱን በአንድ ጊዜ ለመደርደር 4 ክዳን ላይ ፒ ጻፉ፣ ሁለቱን ባዶ ጠጠሮች በኤስ ቦታ አስገቡ፤ ኦ እና ቲ ከሳጥኑ ይበቃሉ። አንድ ክዳን ደግሞ ለኪው አስቀሩ።