አንኮበር የምትሄዱ ሰዎች፣ እነዚህን ልጆች ያዙ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬ ልጀምር። ይህ ምስጋና አባቴን አንኮበር ላደረሱልኝ የደብረ ብርሃን ልጆች ነው።

አባቴ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው። ድሬዳዋ ሆኖ ስለ ሸዋ ነገሥታት ዕድሜ ልኩን አስተማረ። መናገሻቸው የነበረችውን አንኮበርን ግን በዓይኑ አላያትም። ጉልበቱ ሳይብስበት ላሳየው ብዬ ተነሳን።

ፈርቼ ነበር። ከዚህ በፊት ሌላ ከተማ ላይ አስጎብኚ ነኝ ያለን ሰው ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀብሎ ቀኑን ሙሉ ስልክ ሲያወራ ዋለ። አባቴ ሲጠይቀው "እዚያ ተጽፏል፣ ያንብቡት" ይለዋል። ደረጃ ላይ ቆም ሲል "ቶሎ በሉ፣ ሌላ እንግዳ አለብኝ" ይላል። ባለመኪናውም መንገድ ላይ አቁሞ ዋጋ ጨመረብን። ሽማግሌ ይዞ በማያውቁት አገር ምን ይባላል? ከፈልን። ማታ አባቴ "ከእንግዲህ ሸክም አልሆንብሽም" አለኝ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ስንወርድ ብርዱ አጥንት ይገባል። አንድ ወጣት ሹፌር አባቴን አየና ትከሻው ላይ የነበረውን ጋቢ አውልቆ አለበሰው። "አባባ፣ መጀመሪያ ትኩስ ነገር ይጠጡ። ዋጋ በኋላ እንነጋገራለን" አለ። የገባንበት ቡና ቤት ሁለት ጓደኞቹ ነበሩ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን አይቶ ቤተ ክርስቲያን እንዳሠራ፣ ከተማዋም ስሟን ከዚያ እንዳገኘች ሲያወራ አባቴ የቀረውን ይሞላለታል። ለአገሩ ባዳ ለሰው እንግዳ ሆነን ገብተን፣ ሻዩ ሳያልቅ ቤተኛ ሆንን።

በማግስቱ ሦስቱም አብረውን ወጡ። ጓደኞቹ አንድ ብር አልተቀበሉም። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መሀል ላይ መኪናዋ የሆነ ድምፅ አሰማች። ሹፌሩ ኮፈኑን ከፍቶ ነካክቶ ዘጋው፤ ሄድን። ምን እንደነበር አልገባኝም፣ ብቻ ድምፁ አልተመለሰም።

ቤተ መንግሥቱ የነበረበት ኮረብታ ዳገት ነው። አባቴ ትንሽ እንደወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ግን ደከመኝ አይልም፣ ኩሩ ሰው ነው። ምን ልበል ብዬ ስጨነቅ ሹፌሩ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። "አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ትንሽ ልረፍ። ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።" አባቴም "ዕረፍ ልጄ፣ ዕረፍ" ብሎ አጠገቡ ተቀመጠ። ደግሞ ትንሽ ሄድን። ተማሪው ጫማዬን ልሰር ብሎ ቆመ። ቀጥሎ ሦስተኛው "አባባ፣ የአፋር ቆላ በዚያ በኩል ነው" ብሎ አስቆመን። እንዲህ እየተቀባበሉ አናት ላይ አደረሱት። አንዴም ክንዱን ይዘው አልጎተቱትም። አንዴም "አይዞዎት፣ ደረስን" አላሉትም። አባቴ በራሱ እግር፣ በራሱ ክብር ወጣ። እኔ ልጁ ሆኜ ይህን ዘዴ አላሰብኩትም ነበር።

ላይ ከጥንቱ ግንብ ብዙ አልቀረም። ለአባቴ ግን በቂው ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኞች በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ መምጣታቸውን፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመሄዳቸው በፊት መናገሻቸው አንኮበር እንደነበረች ቆሞ አስተማረ። ልጆቹ ይጠይቁታል፣ እሱ ይመልሳል። እንደዚያ ሲደሰት ካየሁት ዘመን የለውም።

ስንመለስ የሹፌሩ እናት ሳንበላ አልለቀቁንም። ሂሳብ ላይ ልጁ የተነጋገርነውን ብቻ ተቀበለ። ጭማሪ ብሰጠው "ለአባባ ጉልበት ቅባት ግዢበት" ብሎ መለሰልኝ።

አደራችሁን፣ ወደዚያ የምትሄዱ፣ በተለይ እናት አባት የያዛችሁ፣ እነዚህን ልጆች ያዙ። ሌላ አትፈልጉ። ሹፌሩን አስፈቅጄዋለሁ፣ ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ።

አባቴ አሁን መንዝ ጓሳ ሄጄ ጭላዳ ዝንጀሮ ካላየሁ እያለ ነው። ሸክም የሚለውን ነገር ረስቶታል። ከነዚያ ልጆች ጋር ከሆነ ብቻ ነው የምሄደው ብሏል፤ ደውዬላቸው እሺ ብለዋል።