የእማዬን መስታወት ላዳኑልን አዛውንት ምስጋና፣ ስቶክሆልም ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ስቶክሆልምና አካባቢዋ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ቤታችሁ የቆየ ወርቅ ቅብ መስታወት ወይም የድሮ ወንበር ካለ ይህን ሳታነቡ ለማንም ጠጋኝ እንዳትሰጡ። ተቃጥዬ ነው የምጽፈው። ደስም ብሎኝ ነው።

መስታወቱ የጎረቤታችን ነበር። ከበራችን ፊት ለፊት አንዲት ስዊድናዊት ባልቴት ይኖሩ ነበር። እማዬ ስዊድንኛ አትችልም፤ እሳቸውስ አማርኛ ከየት ያመጣሉ? ግን ቡናው ሲቆላ ሽታው ደረጃውን ሞልቶ ይጠራቸዋል፣ ያንኳኳሉ፣ እማዬ «ይግቡ ይግቡ» ትላለች፣ ከዚያ በረካውን ሳይጠጡ አይነሱም። ስዊድኖች ቡና ወዳድ መሆናቸውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ በረካ የሚጠብቅ ስዊድናዊ ግን እኔ ሌላ አላየሁም። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በስዊድንኛ ሲያወሩ ይውላሉ፤ ምን እንደሚባባሉ እስከዛሬ አይገባኝም። ሲያርፉ የእህታቸው ልጅ ሳሎናቸው ተሰቅሎ የነበረውን መስታወት ይዛ መጣች። «ለእናትሽ ይሰጥ ብለዋል» አለችኝ። ያን ቀን እማዬን ማባበል አቃተን።

ጉስታቪያን የሚሉት፣ በስዊድኑ ንጉሥ ጉስታቭ ሣልሳዊ ዘመን የተወደደ የዕቃ ስልት ነው። ረጅምና ጠባብ፣ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ፣ አናቱ ላይ የተቀረጸ ዋንጫ፣ ከዋንጫው ግራና ቀኝ የሚወርድ የቅጠል ጉንጉን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሪባን ቋጠሮ። ሪባኑ ዕቃው ሲጓጓዝ ተሰብሯል፣ ወርቁ ጠቁሯል፣ መስታወቱም ዳር ዳሩን ነጠብጣብ ወጥቶበታል።

መጀመሪያ የወሰድነው መስኮቱ ሲያዩት የሚያስጎመጅ ሱቅ ነው። ስም አልጠራም። ባለሱቁ መስታወቱን ከማየቱ በፊት እኛን አየን፣ ከእግር እስከ ራስ። «ከየት አመጣችሁት?» አለ። የዕቃውን ታሪክ ፈልጎ እንዳልጠየቀ ለማወቅ ስዊድንኛ መቻል አያስፈልግም፣ እማዬ እንኳ ገብቷት ነጠላዋን ሰበሰበች። ከዚያ መስታወቱ ስለሞተ ተነቅሎ አዲስ ይግባ፣ ፍሬሙም ከላይ እስከታች እንደገና ወርቅ ይልበስ ብሎ ዋጋ ጠራ። በዚያ ዋጋ አዲስ አበባ ሰርግ ይደገሳል።

ሁለተኛው ባሰ። በማስታወቂያ ያገኘነው «ሁሉን እጠግናለሁ» ባይ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይዞ ፈተገው። የታችኛው ጥግ ወርቁ ተልጦ ቀይ አፈር የመሰለ ነገር ብቅ አለ። ያንን ለመሸፈን ከቆርቆሮ ያወጣውን የወርቅ ቀለም በብሩሽ ለቀለቀበት። ብዙም ሳይቆይ ቀለሙ አረንጓዴ አዘል ቡኒ ሆነ። ገንዘባችንን ብንጠይቅ ስልክ ማንሳት አቆመ። እማዬ «የሟች አደራ በቤታችን ተበላሸ» እያለች እንቅልፍ አጣች። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ተኝቶ ያድራል? ይቅር፣ ወደ ደጉ ልመለስ።

አዛውንቱን የጠቆመኝ አብሮን የሚያስቀድስ ታክሲ ነጂ ወንድማችን ነው፣ እግዜር ይስጠው። ሥራ ቤታቸው ሶደርማልም ውስጥ ምድር ቤት ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ በሩ ላይ ስም እንኳ አልተጻፈም። ስንገባ ከሁሉ አስቀድመው ወንበር ሳቡ፣ ለእማዬ። እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ እንጂ የጠየቁትን ሁሉ የጠየቁት እሷን ነው። የት ተሰቅሎ ነበር? ማን ሰጠሽ? ሴትዮዋ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ? በዚህ አገር እናቴን ዓይን ዓይኗን እያየ ያናገረ ባለሙያ መች አጋጥሞኝ ያውቃል!

ከዚያ ቀጭን እንጨት ጫፍ ላይ ጥጥ ጠቅልለው አፋቸው ውስጥ ከተቱት። በምራቃቸው አርሰው ከፍሬሙ አንዲት ቦታ ላይ ቀስ አድርገው አሽከረከሩት። ጥጡ ጥቁር ሆኖ ተነሳ፣ ጥፍር በምታህል ቦታ ላይ ወርቁ ቦግ አለ! እኔ ደነገጥኩ። እማዬ ግን እልል ልትል ምንም አልቀራት። «እትፍ ብለው መረቁት እኮ!» አለች። አገራችን ሽማግሌ ሲመርቅ እትፍ እትፍ እንደሚል ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ለካ የድሮ ወርቅ ጠጋኞች የታወቀ ዘዴ ነው። ምራቅ የተከማቸ ቅባትና ጥቀርሻ ያላቅቃል፤ ከወርቁ ሥር ያለው ጀሶና ከቆዳ የተቀቀለ ሙጫ ስለሆነ ውሃ ካገኘው ግን ይለቃል። ያ ቀይ አፈርም ወርቁ የሚያርፍበት ሸክላ ነው። የቀረውን አስረድተውኝ ነበር፣ አልገባኝም፣ አይግባኝም።

ስለ መስታወቱ ያሉትን ግን አልረሳውም። የድሮ መስታወት ጀርባው ብር አይደለም፣ ቲንና ሜርኩሪ ነው፤ በብር መለበጥ የመጣው ሊቢግ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1835 መንገዱን ካገኘ ወዲህ ነው። «ነጠብጣቡ ዕድሜው ነው። ይህን ነቅዬ አዲስ ባስገባ እናንተም ትከፍላላችሁ፣ መስታወቱም ይጠፋል» አሉን። ገንዘብ እጃቸው ላይ አስቀምጠንላቸው ነበር እኮ! «ሽጡልኝ»ም አላሉም። የማን ሥራ ነው ብላቸው፣ ማኅተም ስለሌለው የእገሌ ነው ብዬ አልዋሽም፣ ብዙ ሰው የድሮ የሚለውም እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ ስልቱ እንደገና ሲወደድ የተሠራ ነው አሉ። የኛው ከጀርባው አጠራረብና ከመስታወቱ ሲያዩት ከዚያ የቀደመ ይመስላቸዋል።

ሲሠሩ ያወራሉ። ንጉሥ ጉስታቭ ሣልሳዊ የአባቱን ሞት እ.ኤ.አ. በ1771 የሰማው ፓሪስ ሆኖ ነው፤ የፈረንሳዮቹን ጣዕም ወድዶ አገሩ አስገባው። ፈረንሳዮቹም ቢሆኑ ዋንጫውንና ጉንጉኑን የቀዱት ከጥንት ሮማውያን ነው፣ በተለይ ቁፋሮው በ1748 የተጀመረው፣ እሳተ ገሞራ የቀበራት የሮማውያን ከተማ ፖምፔይ ከአመድ ሥር ከወጣች በኋላ። ንጉሡ በ1792 ኦፔራ ቤት የጭምብል ግብዣ ላይ ተተኩሶበት ሞተ። እማዬ «ምን አድርጎ?» አለች። መኳንንቱ ጠምደውት ነው አሏት። «ያው እንደኛው» ብላ ዝም አለች።

ያ ሰውዬ የለቀለቀውን ቀለም ጥቂት በጥቂት አነሱት፣ ወርቅ ያለበሱት የተላጠውን ጥግ ብቻ ነው፣ ሪባኑን ከስብርባሪው ገጣጠሙት። የጠየቁን ሂሳብ የመጀመሪያው ሱቅ ከጠራው ጋር አይወዳደርም፤ ለምን አነሰ ብዬ ልከራከር ምንም አልቀረኝ። እማዬ ቡና በፔርሙዝ ይዛላቸው ሄዳ በረካ ድረስ አጠጥታቸዋለች።

እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። ወንበርም ኮሞዲኖም ይሠራሉ፣ የጓደኛዬን ባለ ነጭ ቀለም ወንበር እግር አጥብቀውላታል። ስማቸውን አደባባይ ማውጣት ስለማይወዱ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ዕቃችሁን በእርጥብ ጨርቅ አትንኩ፣ የረገፈ ፍርፋሪ ካለ በላስቲክ ሰብስባችሁ ውሰዱ፣ መስታወት ከሆነ አቁማችሁ እንጂ አስተኝታችሁ አትጫኑት፣ ከማሞቂያ በላይም አትስቀሉት። ሳትደውሉ አትሂዱ፤ ጁላይን ሙሉውን ይዘጋሉ፣ ጆሯቸውም ትንሽ ከበድ ስለሚል ስልኩን እስኪያነሱ ታገሱ።