ለጠቆረ የመታጠቢያ ቤት ኮርኒስ በደሴ ምን ይገዛ? በረኪና፣ አቼቶ፣ ፀረ ሻጋታ ቀለም እና ኤግዞስት ፋን ሲመዘኑ

ደሴ ላይ ሱቅ ገብቶ «የሻወር ቤቴ ኮርኒስ ሻገተ» ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በረኪና ይዞ ይወጣል። ቀለም ቤት የገባ ደግሞ ፀረ ሻጋታ ቀለም ይዞ ይወጣል። ሁለቱም ጥቅም አላቸው፤ ጥቁሩ ነጥብ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ከተገዙ ግን በሚቀጥለው ብርድ ነገሩ ከነበረበት ይጀምራል። ፍርዳችንን ከመነሻው እንናገር፦ ከአራቱ አንዱን ብቻ የመግዛት አቅም ያለው ሰው ኤግዞስት ፋኑን፣ ማለትም ተኑን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣውን ማራገቢያ፣ ይግዛ።

ምክንያቱ የከተማው ብርድ ነው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ አጥንት ድረስ ይገባል። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር 17 ግራም ያህል ውሃ በተን መልክ መሸከም ይችላል። ያው አየር ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ግን 9 ግራም ያህል ብቻ ይይዛል፤ ትርፉ ያገኘው ቀዝቃዛ ነገር ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀመጣል። በማለዳ በሙቅ ውሃ ገላ ሲታጠቡ በቤቱ ውስጥ በጣም ከቀዘቀዙት ነገሮች አንዱ ቆርቆሮው ሥር ያለው ኮርኒስ ነው። ሻጋታ የሚፈልገው ደግሞ እርጥበትና ትንሽ ምግብ ብቻ ነው፤ የሳሙና ተንና አቧራ ይበቃዋል። ኮምቦልቻ ዝቅ ብላ ሞቅ ስለምትል እዚያ ችግሩ ይቀላል፤ ክረምት ላይ ልብስ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሚደርቅበት ቤት ግን ያው ነው።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያው የሚያፈስ አለመሆኑን አረጋግጡ። የሚያፈስ ጣሪያ ቡናማ ክብ ይሠራል፤ አንድ ቦታ ይጀምርና ዝናብ በዘነበ ቁጥር ይሰፋል። ከተን የሚመጣው ሻጋታ ግን እንደ በርበሬ ፍሬ የተበተነ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ከሻወሩ በላይና በማዕዘኖቹ ይጠነክራል፤ ዝናብ በሌለበት በታኅሣሥም ያድጋል። ፍሳሽ ከሆነ ወደ ቆርቆሮው ውጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ ደርቆ በመሰንጠቁ ነው። ያ ሳይጠገን ከታች የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ነው።

ወደ በረኪናው እንምጣ። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ውጤቱም በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ያሳሳተንም ይኸው ፍጥነቱ ነው። በረኪና ቀለም ያነጣል፤ ጥቁሩ ስለጠፋ ሻጋታው የሞተ ይመስላል። በዘይት ቀለም የተቀባ ኮርኒስ፣ ሴራሚክ ወይም የፕላስቲክ ኮርኒስ ላይ ሲሆን በእርግጥም ይገድለዋል። ጄሶ፣ ያልተቀባ ልስን ወይም ቺፕውድ ላይ ሲሆን ግን መድኃኒቱ ላይ ላዩን ሠርቶ ያልቃል፣ የተበረዘበት ውሃ ብቻ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ውስጥ የቀረው ሥር ያንኑ ውሃ ጠጥቶ እንደገና ይወጣል። «በረኪና ቀባሁት፣ በወሩ ተመለሰ» የሚባለው አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው።

የሚስማማው ቦታ ላይ ከሆነ አሠራሩ እንዲህ ነው። መስኮቱንና በሩን ክፈቱ፤ የመብራቱን ብሬከር አጥፉ፤ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ መነጽርና ማስክ አድርጉ። ሻጋታውን በደረቁ አትፋቁት፤ ዱቄቱ ቤቱን ሁሉ ይሞላዋል። መጀመሪያ በሳሙና ውሃ አጥባችሁ አለቅልቁት፤ ቅባትና ቆሻሻ ካለ የበረኪናው ጉልበት እነሱን ሲያጠቃ ያልቃል። ከዚያ ሩብ ሊትር በረኪና፣ ማለትም አንድ የውሃ ብርጭቆ ያህል፣ በ4 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በርዙ። በሙቅ ውሃ መበረዝ ያዳክመዋል፣ ሽታውንም ያብሳል። ወደ ላይ አትርጩት፤ ተመልሶ ዓይን ላይ ይወድቃል። እጀታው ረጅም የሆነ መወልወያ ላይ ስፖንጅ አስራችሁ፣ ጨመቅ አድርጋችሁ ቀቡት። 10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ፤ ቶሎ ከደረቀ ድገሙት። በመጨረሻ በንጹሕ ውሃ ጠርጋችሁ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት።

በግዢው ጊዜ አንድ ነገር ተመልከቱ። በረኪና በብርሃን፣ በሙቀትና በጊዜ ብዛት ይሞታል። ብርሃን በሚያሳልፍ ሃይላንድ ተገልብጦ ፀሐይ ሲመታው የከረመውን ትታችሁ፣ ብርሃን በማያሳልፍ ዕቃ የታሸገና የምርት ቀኑ ቅርብ የሆነውን ውሰዱ። ሃይላንድ ውስጥ ያለ በረኪና ደግሞ ውሃ መስሏቸው ልጆች የሚጠጡት ነገር ነው፤ ለዚህ ብቻ ሲባል እንኳ አይገዛ።

አቼቶ ከበረኪናው ቀርፋፋ ነው፤ ነገር ግን በፕላስቲክ ቀለም ለተቀባ ጄሶ እሱን እንመርጣለን። ነጩን ሳትበርዙ በስፖንጅ ቀቡት፣ አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ፈትጋችሁ አጽዱት። የሚከረፋው ሽታ መስኮቱ ክፍት ከሆነ ይጠፋል። ጥቁሩን ቀለም እንደ በረኪና አያነጣውም፣ ሁሉንም የሻጋታ ዓይነትም አይገድልም፤ ስለዚህ በጣም ለጠቆረ ቦታ ከፋርማሲ የሚገኘው 3 በመቶ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ የተሻለ ነው። እሱን ቀብታችሁ 10 ደቂቃ አቆዩትና ፈትጉት። የሞተ ሻጋታም አለርጂና አስም ያስነሳልና በየትኛውም መድኃኒት ቢሆን ተፈትጎ መነሣት አለበት።

አደራ የምንለው ግን ይህን ነው፦ በረኪናና አቼቶ በአንድ ቀን፣ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ ጨርቅ አይገናኙ። ሲደባለቁ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሳንባ ያቃጥላል። ለሽንት ቤት መቀመጫ የሚሸጠው አሲድም ከበረኪና ጋር ያው ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም አይቀላቀል። ሽታው ጉሮሮ ከያዘ ሁሉን ትታችሁ ውጡ።

ቺፕውድ ለሆነ ኮርኒስ ምንም ማጽጃ አንመክርም። ጣት ሲጫነው የሚሰረጉድ ወይም ያበጠ ከሆነ ያ ሰሌዳ ይነሣ፤ በፕላስቲክ ኮርኒስ መተካት ከዓመት ዓመት ከመቀባት ይረክሳል። የሻገተው ስፋት ከአንድ ሜትር ካሬ በላይ ከሆነም ሥራው ለባለሙያ ይሰጥ።

ፀረ ሻጋታ ቀለሙ ጥሩ ምርት ነው፤ ብዙ ሰው የሚያዝንበት ያለ ቦታው ስለሚጠቀመው ነው። በውስጡ ያለው መድኃኒት አዲስ ሻጋታ በቀለሙ ላይ እንዳይበቅል ይከለክላል እንጂ ከሥሩ ያለውን አይገድልም። በሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ይላጣል። ስለዚህ ከታጠበ በኋላ ኮርኒሱ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ፦ በበጋ ቢያንስ 2 ቀን፣ በክረምት ከዚያ በእጥፍ። የተላጠውን ፍቃችሁ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አንድ እጅ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባ መነሻ)፣ ከዚያ ሁለት እጅ ቀለም ቀቡ። የ3 ሜትር ካሬ ኮርኒስ ለሁለት እጅ ከአንድ ሊትር አያልፍም፤ ጋሎን እንድትገዙ ቢነገራችሁ አትስሙ። ያልተቀባ ልስን ወይም ኮንክሪት ለሆነበት ቤት ደግሞ ኖራ አይናቅ፤ ሻጋታ አይመቸውም፣ ዋጋውም ቀላል ነው። ቀደም ሲል በዘይት ወይም በፕላስቲክ ቀለም በተቀባ ላይ ግን አይዝም።

አሁን ፋኑ። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ አየር እንደሚያወጣ አንብቡ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ የክፍሉን ርዝመት፣ ስፋትና ቁመት አባዙ፣ ውጤቱን በ8 አባዙ። 2 ሜትር በ1.5 በ2.5 የሆነ ክፍል 7.5 ሜትር ኩብ ነው፤ ስለዚህ በሰዓት 60 ያስፈልገዋል። ቱቦና ጎሚቶ (የቱቦ መታጠፊያ) ጉልበቱን ስለሚቀንሱት 90 አካባቢ የሚለውን ውሰዱ፤ ባለ 100 ሚሊ ሜትሩ ፋን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሲቆም የሚዘጋ ክዳን ያለውን ምረጡ፤ አለዚያ የሌሊቱ ብርድ በዚያው ቀዳዳ ይገባል።

ገጠማው ላይ ነው ብዙ ሥራ የሚበላሸው። ቱቦው ኮርኒሱን በስቶ ቆርቆሮው ሥር ከቀረ ተኑ ከብረቱ ጋር ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል፣ በሌሊት ተመልሶ ኮርኒሱ ላይ ይንጠባጠባል፤ ያኔ ሻጋታው ከላይም ከታችም ነው። ቱቦው ግድግዳውን ወጥቶ ውጭ ይድረስ፣ ወደ ውጭም ትንሽ ዘቅዘቅ ይበል፤ ከአንድ ጎሚቶ በላይ አይኑረው። ፋኑ ከሻወሩ አጠገብ፣ ከበሩ ተቃራኒ፣ ውሃው ከማይደርስበት ከፍታ ይሁን። ሽቦውን የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይዘርጋው፤ ማብሪያውም ከመብራቱ የተለየ ይሁን። አንድ ላይ ከሆኑ ሰው መብራት አጥፍቶ ሲወጣ ፋኑም ይቆማል፤ ተኑ የሚወጣው ግን ከታጠቡ በኋላ ባሉት 20 ደቂቃዎች ነው። ከበሩ ሥር ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ የሚገባ አየር ከሌለ ፋኑ ይጮኻል እንጂ አይስብም። ለመፈተን በሩን ዘግታችሁ አንድ ቅጠል ሶፍት ፋኑ ላይ አስጠጉ፤ ተለጥፎ ከቀረ ይሠራል።

የመብራት ወጪው አያስፈራ። ባለ 20 ዋት ፋን በቀን አንድ ሰዓት ቢሠራ በወር 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ይወስዳል። መብራት በጠፋ ቀን መስኮቱን ከፍታችሁ የመኖሪያ ክፍሉን በር ዝጉ፤ ኮርኒሱንና ግድግዳውን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ወንፊቱን በየ3 ወሩ ብሬከሩን አጥፍታችሁ አውልቃችሁ እጠቡት፤ አቧራ የዘጋው ፋን ድምፁ ሳይለወጥ ጉልበቱ ያልቃል።