ጎንደር ፒያሳ፦ ሒሳብ ሲመጣ ደረሰኙን እዩት

ፒያሳን ሳይዞሩ ጎንደር ደርሻለሁ ማለት አይቻልም። ካፌዎቹ ላይ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። አደባባዩን ከሚያዩት በአንዱ (ስሙ ይቅር) ሜኑው ላይ 100 ብር የተባለው ምግብ ሒሳቡ ላይ 126 ብር ከ50 ሆኖ ይመጣል። መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ይደመራል፣ 110 ይሆናል፤ በ110ሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። ሜኑው ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል ጽፈውት ከሆነ ምን ይባላል፣ ሳያነቡ ማዘዝ ነው ጥፋቱ። የሚያናድደው ወረቀቱ ነው፦ ከደብተር የተቀደደ ብጣሽ፣ በእስክሪብቶ ድምር ብቻ የተጻፈበት!

ቫት የሚሰበስብ ቤት የተመዘገበ መሆን አለበት። ደረሰኙም ከማሽን ይወጣል፤ የቤቱ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ቫቱ ለብቻው ይታዩበታል። እነዚህ ከሌሉ 15 በመቶው የሚገባው ባለቤቱ ኪስ ነው። «መብራት የለም» ይሏችኋል። ማሽን ባይሠራም በማተሚያ ቤት የታተመ፣ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ሊኖራቸው ይገባል። ስለዚህ ሳታዝዙ «ዋጋው ቫትን ይጨምራል ወይ?» በሉ፤ ስትጨርሱም «የማሽን ደረሰኝ አምጪልኝ እህቴ»። ይቺን ሲሰሙ ቫቱ «በስህተት ገብቶ ነው» ተብሎ ይሰረዛል። አውሮፓ የለጠፉት ዋጋ የመጨረሻው ነው፤ እዚህ ካልኩሌተር ይዞ መብላት ሆነ። አስተናጋጇን ግን አትቆጧት፣ የታዘዘችውን ነው የምታመጣው።

ቡና ካማራችሁ ወደ ጃን ተከል ዋርካ አቅጣጫ ሄድ በሉ፤ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ ከሰሉ ላይ ጀበናው እየተንተከተከ፣ ጤና አዳም ያለባት ስኒ። ያንን ውጭ አገር በምንም ገንዘብ አታገኙትም።

ፋሲል ግቢ ለአገር ሰውና ለውጭ ዜጋ ዋጋው ይለያያል፤ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ቲኬቱ ሳይቆረጥ አሳዩ፣ ከተቆረጠ በኋላ ክርክር ነው። ቲኬቱን አትጣሉት፣ ፋሲል መዋኛ በር ላይም ይጠየቃል።

መዋኛው ከፒያሳ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባጃጅ ስትይዙ «በሰው ነው በኮንትራት?» ብላችሁ ቁረጡ፤ ዝም ብሎ የገባ ኮንትራት ይታሰብበታል። የጥምቀት ሰሞን ግን መንገዱ በሰው ስለሚሞላ በእግር መሄዱ ይሻላል።